ጠጥቷል

የቀለሙ ቅርፊት የሒሳብ ደብተሯ ላይ ጠብ ሲል ሚስማር መጀመሪያ የደረቀ ቅጠል መስሏት ነበር። አንስታ አየችው። መዳፍ ያህላል፤ ፊቱ ነጭ፣ ጀርባው ደግሞ ግራጫ ዱቄት የለበሰ ነው። ቀና ብላ ግድግዳውን ተመለከተች። የንባብ ክፍሉ የመስኮት በኩል ግድግዳ ከወለሉ ጀምሮ እስከ ወገቧ ድረስ እንደ ተላጠ ድንች ሆኗል።

«ቀቢው ጠጥቶ ነው አሉ» አለ ከኋላዋ የተቀመጠው ልጅ። ይህን ልጅ ክፍሉ ሁሉ «ሬዲዮ» ነው የሚለው። ሹክ ያለ መስሎታል፤ የሬዲዮ ሹክሹክታ ግን ሦስት ጠረጴዛ ይሻገራል።

«ማን አለ?»

«ተባለ ነዋ! ባለፈው ዓርብ ዳይሬክተሩ ቀቢውን አስጠርተውት፣ እዚሁ ግድግዳው ፊት ቆመው፣ ‹ጠጥቷል› ሲባል እትዬ በጆሯቸው ሰምተዋል።» በአገጩ ወደ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊዋ ጠቆመ። «ሰካራም የቀባው ግድግዳ ታዲያ ምን ይሁን? ቀለሙም ተንገዳግዶ ይወድቃላ!»

ሦስቱም ጠረጴዛ ሳቀ። ሚስማር አልሳቀችም። ቀቢው የእናቷ ወንድም ነው። ሬዲዮ ይህን ሳያውቅ መቅረቱ የሚገርም ነበር፤ ከሰፈሩ ወሬ ሁሉ ይችው አንዷ አምልጣዋለች። «አጎቴ ነው» ለማለት አፏን ከፈተች። ከዚያ ዘጋችው። ቅርፊቱን ደብተሯ መሃል አስገብታ ቦርሳዋን አነሳች።

«ሚስማር» የሚለውን ስም ያወጣላት ራሱ አጎቷ ነው። ቀጭን ናት፤ ደግሞም በመቷት ቁጥር ወደ ውስጥ ጠልቃ ትገባለች እንጂ አትወጣም ይል ነበር። ዛሬ ግን ገና አንድ ጊዜ ሳይመቷት መጉበጧን እያሰበች፣ አንገቷን ደፍታ ወደ ቤት ሄደች።

አጎቷ ከእነሱ ጓሮ ያለችው ክፍል ውስጥ መኖር ከጀመረ አንድ ዓመት ከሁለት ወሩ ነው። መጠጥ ካቆመም ልክ እንዲሁ። በየቀኑ አመሻሹ ላይ ከሥራ ሲመለስ መጀመሪያ ወደ ወጥ ቤት ጎራ ብሎ እህቱን ጉንጭና ጉንጯን ይስማታል፤ ቀስ ብሎ፣ ሳይቸኩል። የናፍቆት ስሞሽ አይደለም፤ አብረው ነው የሚኖሩት። ትንፋሹን ማስረከቡ ነው። እሷም ሳትጠይቅ ትረከበዋለች። ስለዚህ ነገር ሁለቱም አንድ ቀን እንኳ አውርተው አያውቁም።

የንባብ ክፍሉ፣ መጠጥ ካቆመ በኋላ ብቻውን የያዘው የመጀመሪያ ሥራው ነበር። ትምህርት ቤቱ በተዘጋበት ወቅት ቀብቶ ሲያስረክብ ዳይሬክተሩ እጁን ጨብጠው፣ የቀሩትን አሥር ክፍሎችም እንደሚሰጡት ነግረውት ነበር። አሁን ግን፣ የተላጠው ግድግዳ ነገር በመጪው ዓርብ በኮሚቴ እስኪወሰን ድረስ ግቢ ድርሽ እንዳይል ተነግሮታል።

ቅርፊቱ በወደቀበት ሰኞ ማታ አጎቷ ወደ ወጥ ቤት አልገባም። በቀጥታ ወደ ክፍሉ አለፈ። እናቷ ማንኪያ እንደያዘች፣ ጉንጯን በሩ በኩል አዙራ ትንሽ ቆየች። ከዚያ ፊቷን ወደ ድስቱ መለሰች።

ሚስማር ወደ ጓሮ ወጣች። የሥራ ቱታው ገመድ ላይ ተሰጥቷል። ማንም እንዳላያት አረጋግጣ አፍንጫዋን ደረቱ ላይ አስጠጋች። ቀለም ቀለም ይላል፤ ኖራም፣ ሳሙናም። ሌላ ምንም። ፊቷ ሲግል ተሰማት። ለካ እሷም ጠርጥራ ነበር።

ማክሰኞ በምሳ ሰዓት ቤተ መጻሕፍት ኃላፊዋ ጠረጴዛ ፊት ቆመች።

«እትዬ፣ ባለፈው ዓርብ ‹ጠጥቷል› ያለው ማን ነበር?»

ሴትየዋ ከመነጽራቸው በላይ አዩዋት። «አንቺ ደግሞ ምን አገባሽ?»

«ድምፁ የማን ነበር? የዳይሬክተሩ ነው የቀቢው?»

«እኔ በሩ ጋ ነበርኩ። ዳይሬክተሩ ስልክ ተደውሎላቸው ወጣ አሉ...» ማህተም የያዘው እጃቸው አየር ላይ ቆመ። «የቀቢው ነው መሰለኝ። አዎ፣ የቀቢው ነው። ጎርነን ያለ ድምፅ ነው።»

«ታዲያ ሰው ስለ ራሱ ‹ጠጥቷል› ይላል? ‹ጠጥቻለሁ› አይልም?»

«ሰዋስው ልታስተምሪኝ ነው የመጣሽው?»

«አይደለም እትዬ። ግን ይዩት፤ ሦስቱ ግድግዳ ደህና ነው። ቀለሙ አንድ፣ ቀቢው አንድ። ሦስቱን በጤናው ቀብቶ አራተኛው ላይ ሲደርስ ብቻ ሰከረ?»

ኃላፊዋ ሦስቱን ግድግዳ አንድ በአንድ አዩ፤ ከዚያ አራተኛውን። ማህተሙን ቀስ ብለው አስቀመጡት። «እኔ የሰማሁትን ነው ያልኩት» አሉ፤ ድምፃቸው ግን እንደ ቅድሙ አልነበረም።

ከትምህርት ቤት ስትመለስ አጎቷ ክፍሉ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ በስፓቱላው የደረቀ ስቱኮ ከባልዲ ላይ ይፍቃል። ሰላም እንኳ ሳትለው ጀመረች።

«ጋሼ፣ ባለፈው ዓርብ ግድግዳው ፊት ቆመህ ምን አልክ?»

«ምን አልኩ? ጠጥቷል አልኩ።»

«ማን?»

«ማን ይሆናል? ግድግዳው ነዋ! እጄን ስጭንበት ይቀዘቅዛል፣ ስቆረቁረው ድምፁ የታፈነ ነው። ውሃ የገባበትን ግድግዳ እኛ ቀቢዎች ‹ጠጥቷል› ነው የምንለው። ምነው?»

ነገረችው። ሬዲዮን፣ እትዬን፣ ሦስቱን ጠረጴዛ፤ ቱታውን ማሽተቷን ብቻ ተወችው። አጎቷ መጀመሪያ ስፓቱላውን ባልዲው ውስጥ ጣለው። ቀጥሎ ትከሻው ይርገፈገፍ ጀመር፤ ይሳቅ ያልቅስ አልለየላትም።

«አንድ ዓመት ከሁለት ወር ውሃ ብቻ ስጠጣ ኖሬ፣ ግድግዳ ጠጥቶ እኔ ሰከርኩ!»

«ሂድና ንገራቸዋ!»

«ምን ብዬ? ‹የጠጣው ግድግዳው ነው እንጂ እኔ አይደለሁም› ልበል? ከዚህ የበለጠ የሰካራም ወሬ ከየት ይመጣል?»

ሚስማርም ሳቀች፤ ወዲያው ግን ቅርፊቱን ከደብተሯ አውጥታ ዘረጋችለት። ገልብጦ ግራጫውን ዱቄት በጣቱ ነካ ነካ አደረገና «ቅመሺው» አላት። ቀመሰች። ጨው ነው።

«ውሃ ግድግዳ ውስጥ ሲመላለስ ጨው እየጎተተ ይወጣል። ያ ጨው ቀለሙን ከሥር ይገፋዋል። እንዲህ ከሆነ የንጉሥ ቤት ቀለምም ቢሆን ይላጣል። ግን ውሃው ከየት ነው? እሱን ማወቅ ነው ዋናው።» ከዚያ፣ ግቢ መግባት እንደማይችል ትዝ ሲለው ድምፁ ቀነሰ። «ለነገሩ ምን ያደርጋል።»

«እኔ እገባለሁ እኮ» አለች ሚስማር። «ምን ላድርግ?»

ቅርፊቱን መለሰላት። «ጥርት ያለ ፌስታል ፈልጊና ቅደጂው። ግድግዳው ላይ አራቱንም ጎን በፕላስተር ለጥፊው፤ ቅንጣት አየር እንዳይገባ። አንድ ቀን ከነሌሊቱ ተዪው። ጠብታው ከፌስታሉ ላይ፣ በክፍሉ በኩል ከታየ የተማሪ ትንፋሽ ነው። ከፌስታሉ ሥር፣ በግድግዳው በኩል ከሆነ ግን ውሃው የሚመጣው ከግድግዳው ሆድ ነው።»

ረቡዕ ጠዋት ለጠፈችው። ፕላስተሩን የሰጧት እትዬ ራሳቸው ናቸው፤ ለምን እንደሆነ ሳይጠይቁ።

«ግድግዳው ታመመ እንዴ?» አለ ሬዲዮ። «ፋሻ አደረግሽለት?»

«አዎ። ነገ ውጤቱን እነግርሃለሁ። አንተ ደግሞ ለዓለም ታሰማዋለህ።»

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ግድግዳው ሥር ተንበረከከች። ፌስታሉን በላዩ ዳሰሰችው፤ ደረቅ ነው። ጠጋ ብላ አየች። በስተውስጥ፣ ከግድግዳው ጋር በተጣበቀው ፊቱ ላይ፣ ጥቃቅን ጠብታዎች ተደርድረው እየተያያዙ ወደ ታች ይወርዳሉ። አጎቷ ልክ ነበር!

ውሃው ከየት ነው? ጣሪያው ደረቅ ነው። የግቢው ዘበኛ በዚያ በኩል ቧንቧ እንደማያልፍ ነገራት። እንግዲህ የቀረው የግድግዳው ጀርባ ነው። እየሮጠች ሕንፃውን ዞረች፤ ማዕዘኑን ስታልፍ ግን እግሯ ቀጥ አለ።

በየቀኑ የምትመጣበት ቦታ ነው። የአትክልት ክበቡ መደብ በጡብ ታጥሮ፣ አፈሩ ከጉልበት በላይ ተከምሮ፣ ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር ተደግፎታል። ቲማቲሙ ደርሶ ቅርንጫፉን አጉብጧል። መሃል ላይ፣ ሱሪዋን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ፣ የውሃውን ጎማ የያዘችው የልብ ጓደኛዋ ናት። «ገበሬዋ» ይሏታል፤ በስሟ የሚጠራት መምህር ብቻ ነው።

«መጣሽ? እስቲ ጎማውን ሳብ አድርጊልኝ» አለች ገበሬዋ። «ዛሬ ሁለት ጊዜ ነው ያጠጣኋቸው። ለቅዳሜ ፊታቸው እንዲበራ።»

ቅዳሜ የወላጆች ቀን ነው። የገበሬዋ አባት የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ትምህርት ቤት የሚመጣው ሲጠራ ብቻ ነበር፣ ያውም ለወቀሳ። የዘንድሮው ግን የሴት ልጁን አትክልት ሊያይ ነው፤ ጉዞውን ለዚያ ብሎ አስተላልፏል።

ሚስማር የፌስታሉን ነገር ነገረቻት። ገበሬዋ መጀመሪያ አልገባትም፤ ሲገባት የጎማውን አፍ በአውራ ጣቷ ደፈነችው። ውሃው በጣቶቿ መሃል እየፈለቀ እግሯ ላይ ፈሰሰ።

«ሌላ ሰው አውቋል?»

«እስካሁን እኔና አንቺ ነን።»

«በቃ፣ እስከ ቅዳሜ ዝም በይ። እሑድ መጥተን አፈሩን አብረን እናነሳዋለን። ማንም ሳያውቅ ይደርቃል።»

«ውሳኔው ነገ ነው። ሰካራም ብለውት እኮ ነው።»

«ሌላ ሥራ ያገኛል። አጎትሽ ባለሙያ ነው፤ ራስሽ ነሽ የነገርሽኝ። እኔ ግን ሌላ ምን አለኝ? በሒሳብ ስንተኛ ነኝ? በሳይንስስ? አንደኛ የወጣሁት እዚህ ጭቃ ላይ ብቻ ነው።» ጎማውን ጣለችው። «ደግሞስ፣ አፈሩን ግድግዳው ላይ እንከምረው ያልሽው አንቺ አይደለሽም? ‹ግድግዳው ቀን የዋጠውን ፀሐይ ማታ ይተፋዋል፣ ቲማቲሙ ይሞቀዋል› ያልሽው?»

ብላለች። ከሦስት ወር በፊት፣ ልክ እዚህ ቦታ ላይ ቆማ፣ በሐሳቧ ኮርታ። አፈሩንም በጋሪ ያመላለሰችው እሷው ናት። የጎማውን ውሃ ዘጋችና ሄደች።

ቤት ስትደርስ አጎቷ ብሩሾቹን አጥቦ በጋዜጣ ይጠቀልላል። ነገ የሚሠራ ሰው ብሩሹን በጋዜጣ አይጠቀልልም።

«እህ፣ ፌስታሉ ምን አለ?»

«ጠብታው በግድግዳው በኩል ነው።»

ፊቱ እንደ መስኮት ተከፈተ። «ብያለሁ! ውሃው ከኋላ ነው የሚመጣው። ስቀባ ጀርባው ባዶ ሜዳ ነበር። አሁን ምን አለ እዚያ?»

«ምንም» አለች ሚስማር።

ቃሉ በራሱ ጊዜ ነው ከአፏ የወጣው፤ ልትመልሰው ስታስብ አጎቷ ቀደማት።

«ምንም?»

«እንደ ድሮው ነው።»

የተከፈተው ፊት ቀስ ብሎ ተዘጋ። አንዱን ብሩሽ አንስቶ ፀጉሩን በአውራ ጣቱ ደባበሰ። «እንግዲያው እኔ ነኝ። ልስኑ በደንብ ሳይደርቅ ቀብቼው ይሆናል። በዚያ ሰሞን እጄ ትንሽ ትንሽ ይንቀጠቀጥ ነበር። አልተናገርኩም እንጂ...» እጁን ዘርግቶ፣ የሌላ ሰው እጅ ይመስል አየው። ከዚያ ብሩሹን ጠቀለለ። ወጥ ቤት መስኮት ላይ የእናቷ ጥላ አለ። እሱ ግን ወደዚያ አልሄደም።

ዓርብ ጠዋት ሚስማር ከጓሮ በር ጀርባ አካፋውን አወጣች። ከቁመቷ ይበልጣል። አጎቷ ፊቱን እየታጠበ ነበር።

«ወዴት ነው በአካፋ? ትምህርት ቤቱን ልትቀብሪው ነው?»

«ትናንት ዋሽቼሃለሁ» አለች። መሬት መሬት ማየት ፈልጋ ነበር፤ ግን ፊቱን አየችው። «ከግድግዳው ጀርባ አፈር አለ፣ እስከዚህ ድረስ። የአትክልት መደብ ነው። አፈሩን እንከምረው ያልኩት እኔ ነኝ። በየቀኑ ውሃ ይጠጣል።»

ውሃው ከአገጩ እየተንጠባጠበ ፎጣውን ከገመዱ አወረደ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ቲማቲሙ ደርሶ ነበር።»

በአፍንጫው በኃይል ተነፈሰ፤ ቁጣም ሳቅም ሊሆን ይችላል። ፎጣውን ገመዱ ላይ ወርውሮ አካፋውን ከእጇ ተቀበለና ትከሻው ላይ አደረገው።

«ግቢ መግባት ነው የተከለከልኩት» አለ። «እስከ በሩ መሸከም አልተከለከልኩም።»

በሩ ጋ አካፋውን አስረክቧት፣ ከአጥሩ ውጭ ካለችው ዛፍ ሥር ቆመ።

ሚስማር ከግድግዳው ጥግ ጀመረች። አፈሩ በውሃ ከብዷል፤ እያንዳንዱ አካፋ ክንዷን ይጎትተዋል። ከአፈሩ ሥር ብቅ ያለው ግድግዳ ጠቁሯል፤ እንደ እርጥብ ጨርቅ። ሁለት ክንድ ያህል እንደገፋች ሩጫ ሰማች።

«ሚስማር! ምን እያረግሽ ነው?»

«ከነሥራቸው ካወጣናቸው አይሞቱም።»

«ቅዳሜ ነገ ነው እኮ!»

«አውቃለሁ።»

ገበሬዋ ቆማ አየቻት። ዓይኗ ሞልቷል፤ ከንፈሯን ነክሳለች። ሚስማር ቀና ሳትል አካፋውን እንደገና ሰካች፤ ቀጥሎም እንደገና። አንዱ የቲማቲም ግንድ ተንቀጠቀጠ።

«እንደዚያ አትሰኪው!» ጮኸች ገበሬዋ። «ሥሩን ትቆርጪዋለሽ!» ጭቃው ላይ ተንበረከከች፤ ሁለት እጇን እስከ ክርኗ አስገብታ የመጀመሪያውን ተክል ከነአፈሩ አቅፋ አወጣችው። «ከጎን፣ ራቅ ብለሽ። አዎ፣ እንደሱ። ምንም አታውቂም አንቺ።»

ደወል ሳይደወል ተማሪ ተሰበሰበ። ሬዲዮ ከፊት ነበር። እትዬ በንባብ ክፍሉ መስኮት አንገታቸውን አውጥተዋል። ዳይሬክተሩ ተማሪውን እየከፈሉ መጥተው፣ የፈረሰውን መደብ ሲያዩ በድንጋጤ ሁለት እጃቸውን ወገባቸው ላይ አደረጉ።

«ይሄ ምንድን ነው? የነገው እንግዳ ይሄን ነው የሚያየው? ምን ሆኖ ነው?»

ሚስማር አካፋውን ተደግፋ ቀና አለች።

«ጠጥቷል» አለች።

ከተማሪው መሃል አንዱ ኪኪ አለ።

«ማን?»

«ግድግዳው። ቀቢው አጎቴ ነው።» ይህን ስትል ሬዲዮን ነበር የምታየው፤ የሬዲዮ አፍ ተከፍቶ ቀረ። «ባለፈው ዓርብ ‹ጠጥቷል› ያለው ስለ ግድግዳው ነው። ይንኩት መምህር። ከውስጥ ደግሞ ጠብታውን በፌስታል ይዤዋለሁ፤ እትዬ ያሳዩዎታል።»

ዳይሬክተሩ ጎንበስ ብለው ጥቁሩን ግድግዳ በመዳፋቸው ነኩት። እጃቸውን ሲያነሱ እርጥብ ነበር። ወደ መስኮቱ ቀና አሉ። እትዬ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ፤ ከዚያም ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ «እኔ ነኝ በደንብ ያልሰማሁት» አሉ።

«ታዲያ ማን ነው ያጠጣው?» አሉ ዳይሬክተሩ።

«እኔ ነኝ» አለች ሚስማር።

«እኛ ነን» አለች ከታች፣ ከጭቃው ላይ፣ ቲማቲሙን እንዳቀፈች ገበሬዋ።

ዳይሬክተሩ ሁለቱንም አዩ። መዳፋቸውን በመሐረብ ጠርገው መሐረቡን ሲያጥፉ ጊዜ ወሰደባቸው።

«አጎትሽ የት ነው?»

«በሩ ጋ ቆሟል። አትግባ ተብሏል።»

«እንግዲያው ሮጥ ብለሽ ጥሪው።»

ሚስማር ወደ በሩ ተመለከተች። ከዛፉ ሥር፣ በበሩ ብረት መሃል፣ የቱታው ሰማያዊ ይታያል። ሮጣ ብትሄድ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅባትም። ግን አልሮጠችም።

«እርስዎ ቢጠሩት ይሻላል መምህር» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ።

ከዚያ ጎንበስ ብላ አካፋውን ሰካች፤ ራቅ አድርጋ፣ ከጎን፣ ሥሩን እንዳትነካ። ከግድግዳው ገና ግማሹ አፈር ውስጥ ነው።